ስለ ሲኒማ ሙያ ቃላት አመጣጥ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በሲኒማ ሥራ ዘወትር ከሚነገሩት ቃላት ጥቂቶቹን፣ ማለት ፊልም፣ ቀረጻ፣ ሾት፣ ክሎዝ አፕ፣ ከት፣ ሞንታዥና ትዕይንት የሚባሉትን፣ ከየት እንደመጡና ስለምን እንዳስፈለጉ ለመመርመር ነው። የቅኔና የዜማ ቃላት አመጣጥ በዘመን ርቀት ተሸፍኗል። ሲኒማ ግን ለሕዝብ በገንዘብ መታየት ከጀመረ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ብዙ አላለፈውም፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሲወጣ በአጠገቡ የነበረውን ሥራ፣ መሣሪያና ክርክር አብሮ ለማየት ይቻላል። ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አስቀድሞ ማሳሰብ የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ‹‹ይህን ዘዴ የፈጠረው እገሌ ነው›› እያሉ ከጻፉት ብዙው በኋላ ሲመረመር ስሕተት ሆኖ መገኘቱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

‹‹ሲኒማቶግራፍ›› የሚለውን ስም በ1892 ዓ.ም. ያስመዘገበው ሌዎን ቡሊ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ስሙን ዝነኛ ያደረጉት ግን እሱ ሳይሆን የሊዮን ከተማ ባለ ፋብሪካዎቹ ኦጉስትና ሉዊ ሉሚዬር ናቸው። ወንድማማቾቹ የመሣሪያቸውን የፈጠራ መብት ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1895 ዓ.ም. አስከበሩ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን በፓሪስ በግራንድ ካፌ ምድር ቤት አሥር አጫጭር ፊልሞች ለከፋይ ተመልካች አሳዩ። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ‹‹ኪኔማ›› እንቅስቃሴ፣ ‹‹ግራፊን›› ደግሞ መጻፍ ማለት ነው። ‹‹ግራፊን›› ከመጻፍ በፊት የነበረው የጥንት ትርጉም መፋቅ ወይም መቅረጽ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ወደ አማርኛችን ስንደርስ ይጠቅመናል።

‹‹ፊልም›› በጥንታዊ እንግሊዝኛ ስስ ቆዳ ወይም ሽፋን ማለት ነበር። ቃሉ ከሥጋ ላይ ካለ ስስ ሽፋን ተነሥቶ በፎቶግራፍ መስተዋት ላይ ለሚቀባው መድኃኒት፣ ከዚያም መድኃኒቱን ለሚሸከመው የሴሉሎይድ ጥብጣብ፣ በመጨረሻም በጥብጣቡ ላይ ለተቀረጸው ታሪክ ስም ሆነ። አባቶቻችን መጽሐፍ የጻፉበት ብራናም ቆዳ መሆኑ የሚያስገርም ግጥጥሞሽ ነው። በኤዲሰን ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዲክሰን የወሰነው የ35 ሚሊሜትር ስፋትና ለአንድ ምስል በየጎኑ አራት ቀዳዳ የሚለው ልክ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖሯል። ዛሬ ምስሉ በቁጥር ተለውጦ በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከጥብጣቡ አብዛኛውን ጊዜ የተረፈው ስሙ ብቻ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዛሬ ‹‹ሾት›› የምንለው ነገር ስም አልነበረውም፤ ሊኖረውም አይገባም ነበር። የሉሚዬር ፊልም ርዝመቱ 17 ሜትር ያህል፣ ጊዜውም ሃምሳ ሴኮንድ ያህል ነበር። መሣሪያው በአንድ ቦታ ይተከላል፣ መዘውሩ በእጅ ይዞራል፣ ጥብጣቡ ሲያልቅ ፊልሙም ያልቃል። ፊልም ማለት አንድ ሾት፣ ሾት ማለትም አንድ ፊልም በሆነበት ዘመን ሁለቱን የሚለይ ቃል ማን ይፈልጋል? የሲኒማ ቃላትን ታሪክ ስከታተል በየቦታው ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ቃሉ የሚመጣው ሠራተኛው ሁለት ነገር ለመለየት ሲቸግረው ነው።

ስለ ሥራው ግሥ ግን ልዩነቱ ከጥንት ጀምሮ ግልጽ ነው። እንግሊዞች ‹‹መተኮስ›› አሉት። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪምና ተመራማሪ በ1882 ዓ.ም. የወፎችን አበራረር ለማጥናት የሠራው መሣሪያ መልኩ እውነተኛ ጠመንጃ ሲሆን በሴኮንድ 12 ምስል ያነሣ ነበር። አዳኝ ወፏን እንደሚያነጣጥር ማሬም ያነጣጥራል፣ ቃታውን ይስባል፣ ወፏ ግን በሕይወት ትሄዳለች። ፈረንሳዮች ደግሞ ‹‹ማዞር›› አሉት፤ የመዘውሩ ነገር ነው። በሉሚዬር መሣሪያ ላይ መዘውሩ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ሲዞር 16 ምስል ይነሣል። ጀርመኖችም እንደዚሁ ‹‹ማዞር›› ይላሉ። ሞተር መዘውሩን ከተካው ብዙ ዘመን ቢሆንም የፓሪስ ሰዎች እስከ ዛሬ ፊልም ‹‹ያዞራሉ››። አማርኛ ከሁለቱም አልወሰደም። እኛ ‹‹ቀረጸ›› አልን፤ ድንጋይ፣ እንጨትና ማኅተም የሚቀረጽበትን ግሥ ለድምፅና ለምስል ሰጠነው። ‹‹ግራፊን›› ከሚለው የጥንት ትርጉም ጋር የሚገጥመው እንግዲህ የእንግሊዙ ተኩስ ወይም የፈረንሳዩ መዘውር ሳይሆን የእኛው ቀረጻ ነው።

ፊልም ከአንድ ሾት በላይ መሆን ሲጀምር የመጀመሪያው ስም የመጣው ከቴአትር ነው። ዦርዥ ሜልዬስ ቴአትር ቤት የነበረው የምትሐት ባለሙያ ስለነበረ በ1902 ዓ.ም. ያወጣውን ‹‹ወደ ጨረቃ ጉዞ›› የተባለውን ፊልም በሠላሳ ‹‹ታብሎ››፣ ማለት በሠላሳ ሥዕል፣ ከፍሎ ሸጠው። ካሜራው በአዳራሹ መካከል እንደተቀመጠ ተመልካች ሆኖ አይነቃነቅም። ሜልዬስ እንደተረከው አንድ ቀን በፓሪስ በኦፔራ አደባባይ ሲቀርጽ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ተያዘበት፤ ጥብጣቡ ሲታይ አንዱ የሕዝብ ማመላለሻ ሠረገላ በቅጽበት የሬሳ ሠረገላ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ በኋላ ዘመን በራሱ የተነገረ ስለሆነ እንደ ባለቤቱ ወግ ብንይዘው ይሻላል። ካሜራን አቁሞ ነገር ለውጦ እንደገና ማስነሣት ግን በሥራዎቹ ሁሉ የሚታይ እውነት ነው።

በእንግሊዝ አገር በብራይተን አጠገብ ይሠራ የነበረው ጂ. ኤ. ስሚዝ በ1900 ዓ.ም. ባወጣው ‹‹የሴት አያቴ የንባብ መነጽር›› በተባለ አጭር ፊልም አንድ ልጅ በአያቱ መነጽር ሰዓት፣ ወፍ፣ የአያቱን ዓይንና ድመት ሲመለከት ያሳያል። ልጁ የሚያየው ነገር ሁሉ ብቻውን ሸራውን ሞልቶ ይመጣል። ስሚዝ ይህን ዘዴ ያለ ሰበብ ለማሳየት አልደፈረም፤ ትልቅ ሆኖ ለሚታየው ነገር የመነጽሩን ክብ ምክንያት አድርጎ አቀረበ። ነገሩ ኖረ፣ ‹‹ክሎዝ አፕ›› የሚለው ስም ግን የተለመደው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ከላይ ወደ ጠቀስሁት ስሕተት እንመጣለን። በኤዲሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድዊን ፖርተር በ1903 ዓ.ም. ‹‹የአሜሪካዊ እሳት አጥፊ ሕይወት›› የተባለ ፊልም አወጣ። በመጨረሻው ላይ አንዲት ሴትና ልጅዋ ከሚቃጠል ቤት ይድናሉ። ይህ ፊልም በኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በነበረው ቅጂ ሲታይ ምስሉ ከክፍሉ ውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭም ወደ ውስጥ እየተመላለሰ እሳት አጥፊው መሰላሉን ሲወጣ፣ መስኮቱን ሲሰብርና ሴቲቱን ተሸክሞ ሲወርድ ያሳያል። ስለዚህ ጸሐፊዎች ‹‹የዘመናዊ ቅንብር አባት ፖርተር ነው›› ብለው መሰከሩ፤ ተማሪዎችም ይህንኑ ተማሩ።

ነገር ግን ሌላ ቅጂ ነበረ። የአሜሪካ ሕግ እስከ 1912 ዓ.ም. ድረስ ፊልምን በራሱ ስም አይጠብቅም ነበርና ኩባንያዎቹ ፊልማቸውን በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ አትመው እንደ ፎቶግራፍ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስመዘግቡ ነበር። የዚህ ፊልም ወረቀት ሲመረመር የተገኘው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያ ከክፍሉ ውስጥ ሆነን ማዳኑን በሙሉ፣ ሴቲቱ ስትወጣ፣ ቀጥሎም ልጁ ሲወጣ እናያለን። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ያንኑ ማዳን ከውጭ ሆነን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና እናያለን። ሴቲቱ ሁለት ጊዜ ትድናለች! ሙዚየሙ የነበረው ቅጂ በኋላ ዘመን ሰው እንደዘመኑ ልማድ ቈራርጦ ያቀናበረው ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ሁለቱን ቅጂዎች አስተያይተው ጉዳዩን አረጋገጡ።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ፖርተርን ‹‹ገና ያልገባው›› ሰው አድርገው ይቈጥሩታል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። የ1903 ዓ.ም. ተመልካች በምትሐት ፋኖስ ትርኢት ያንኑ ነገር በሁለት ወገን ደጋግሞ ማየት የለመደ ስለሆነ ነገሩ አላደናገረውም ይሆናል። በእኛም አገር ተራኪ አንድን ጦርነት በመጀመሪያ ከወራሪው ሰፈር፣ ከዚያም ‹‹ወደ ኋላ እንመለስና›› ብሎ ከተወራሪው ሰፈር ሲተርክ አድማጩ ጦርነቱ ሁለት ጊዜ ተደረገ አይልም። ‹‹ትይዩ ቅንብር›› የሚለው ቃል ከመጣ በኋላ ግን ቃሉን ያወቁ ሰዎች ቃሉ የሚገልጸውን ነገር ባልነበረበት ቦታ አዩት፤ አንዱ እንዲያውም ፊልሙን ራሱን ቈረጠው።

ሁለተኛው ስሕተት የተሠራው በጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። ዴቪድ ግሪፊት ከ1908 እስከ 1913 ዓ.ም. በባዮግራፍ ኩባንያ በመቶዎች የሚቈጠሩ አጫጭር ፊልሞች ካዘጋጀ በኋላ ሲለቅ፣ በ1913 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ የኒው ዮርክ የቴአትር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ትላልቅና ቀረብ ያሉ ምስሎችን፣ የሩቅ እይታን፣ ‹‹ስዊችባክ›› ያለውን ማመላለስና ምስልን ቀስ በቀስ ማጨለምን ያስተዋወቀው እሱ መሆኑን በይፋ ጻፈ። ስሚዝ በ1900 ዓ.ም. የሠራውን አይተናል። የፈረንሳዩ ፓቴ ኩባንያም በ1908 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ቦታዎችን የሚያመላልሱ ፊልሞች ነበሩት። ግሪፊት ዘዴዎቹን እጅግ ማሻሻሉ የማይካድ ሲሆን ፈጣሪ ያሰኘው ግን ለብዙ ዘመን ያ ማስታወቂያ ነበር። ሥራ ፈላጊ ስለ ራሱ የጻፈውን ታሪክ አድርጎ መቀበል በሌላ የታሪክ ዘርፍ ቢሆን ያሳፍራል።

ስለ ግሪፊት ሲነገር ሊዘለል የማይገባው ሌላ ነገር አለ። በ1915 ዓ.ም. ያወጣው ‹‹የአንድ ሕዝብ ልደት›› የተባለው ፊልም የቅንብር ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ለምሳሌ ይጠቀሳል። ይህ ፊልም ኩ ክላክስ ክላን የተባለውን የነጮች የሽብር ማኅበር ያወድሳል፤ ጥቁሮችን አራዊት አስመስሎ ያሳያል፤ ዋና ዋናዎቹን ጥቁር ሰዎች ሆነው የተጫወቱትም ፊታቸውን ያጠቈሩ ነጮች ናቸው። በ1909 ዓ.ም. የተቋቋመው ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር በብርቱ ተቃወመው። ጠፍቶ የነበረው ክላንም በዚያው ዓመት እንደገና ተቋቋመ። አንዳንድ መምህራን ‹‹ይዘቱን ትታችሁ ቅንብሩን ተመልከቱ›› ይላሉ። ነገር ግን በመጨረሻው ክፍል ምስሉ ከተከበቡት ነጮች ወደ ጋላቢዎቹ፣ ከጋላቢዎቹም ወደ ተከበቡት ሲመላለስ፣ ቅንብሩ ሥራዬ ብሎ የያዘው ተመልካቹ ገዳዮቹ በጊዜ እንዲደርሱ በልቡ እንዲመኝ ማድረግ ነው። ስለዚህ ‹‹ትይዩ ቅንብር›› የሚለውን ቃል ከዚህ ፊልም የተማረ ሰው ቃሉ የሚሠራውንም ሥራ አብሮ ማወቅ ይገባዋል።

‹‹ክሎዝ አፕ›› የሚለውን ስም በሦስት ቋንቋ ብናስተያየው ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። የእንግሊዝኛው ስም መቅረብን ይናገራል፤ ካሜራው ወደ ሰውዬው ፊት ቀረበ ማለት ነው። የፈረንሳይኛው ‹‹ግሮ ፕላን›› የሩስያኛውም ‹‹ክሩፕኒ ፕላን›› ስለ ቅርበት ምንም አይሉም፤ የሚናገሩት ስለ ትልቅነት ነው። ሰርጌ አይዘንሽታይን በ1944 ዓ.ም. ስለ ዲክንስና ስለ ግሪፊት በጻፈው ጽሑፍ ይህን ልዩነት አንሥቶ ተከራክሯል። እንደ እሱ አባባል አሜሪካኖች ቃላቸው የሚናገረው ስለ ማየት ነው፤ የሩስያኖቹ ግን የሚታየው ነገር ስላለው ዋጋና ትርጉም ነው። ክርክሩ በከፊል የጊዜው የፖለቲካ ፉክክር ቢኖርበትም ነጥቡ እውነት ነው። በአማርኛ ‹‹የቅርብ ምስል›› ብንል እንግሊዞችን፣ ‹‹ጐልቶ የወጣ ምስል›› ብንል ሩስያኖችን ተከትለናል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቅዱሱን ከአጠገቡ ካሉት ሰዎች አግዝፈው ሲሥሉ ስለ ርቀት ሳይሆን ስለ ክብር ይናገሩ ነበርና።

‹‹ከት›› እና ‹‹ሞንታዥ›› አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ አንድ ሥራ ናቸው። እንግሊዛዊው መቀሱን አይቶ ‹‹ቈረጠ›› አለ፤ ፈረንሳዊው የሞተር ክፍሎች ሲገጣጠሙ የሚባለውን ‹‹መግጠም›› የሚል ቃል ወሰደ። ሩስያኖች የፈረንሳዩን ቃል ተቀብለው ትምህርት አደረጉት። ሌቭ ኩሌሾቭ ከአብዮቱ በኋላ በሞስኮ አደረገው የሚባለው ሙከራ የታወቀ ነው፤ ሞዡኺን የተባለውን ተዋናይ አንዱን ዝም ያለ ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከሌላም ምስል ጋር ሲያገጣጥመው፣ ተመልካቾች ተዋናዩ አንድ ጊዜ እንደራበው፣ አንድ ጊዜም እንዳዘነ አድርገው አደነቁት። ፊልሙ ራሱ ስለጠፋ የምናውቀው ባልደረቦቹ ከጻፉት ነው። አይዘንሽታይን ደግሞ በ1929 ዓ.ም. የጃፓንን ጽሕፈት ለምሳሌ አነሣ፤ የውሃና የዓይን ምልክት ሲገናኙ ‹‹ማልቀስ›› ይሆናል፤ ውሃውም ዓይኑም ለየብቻቸው ማልቀስ አይደሉም። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ ልዩነቱ በቅኔ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ሲያድሩ፣ በሞንታዥ ሁለት ምስሎች ተጋጭተው ሦስተኛ ትርጉም ማውጣታቸው ነው። ያው ቃል ወደ ሆሊውድ ሲሻገር ሌላ ሆነ፤ በዚያ ‹‹ሞንታዥ›› የሚባለው የቀን መቍጠሪያ ቅጠሎች ሲረግፉና ባቡር ሲሮጥ እያሳዩ ዘመን ማለፉን በግማሽ ደቂቃ የሚናገሩበት ክፍል ነው። ስለዚህ የሁለቱን አገር መጻሕፍት የሚያነብ ተማሪ አንዱን ቃል በሁለት ልብ መያዝ አለበት። የእኛው ‹‹ቅንብር›› ከሙዚቃ ጋር የምንጋራው ቃል ሲሆን መቀስም መፍቻም የለበትም።

ድምፅ ከ1927 ዓ.ም. በኋላ ሲገባ፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 24 ምስል ሲጸና፣ ብዙ የመሣሪያ ስሞች መጥተዋል፤ የአሳብ ቃላት ግን የመጡት ይበልጡን ከፈረንሳይ የትችት መጽሔቶች ነው። አንድሬ ባዜን በ1941 ዓ.ም. የወጣውን የኦርሰን ዌልስን ‹‹ሲቲዝን ኬን›› እያነሣ፣ ሳይቈረጥ የሚቈይ ረጅም ሾትና ቅርቡም ሩቁም እኩል ጠርቶ የሚታይበት ምስል ተመልካቹን ነፃ እንደሚያወጣው ተከራከረ። ፍራንስዋ ትሩፎ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. አዘጋጁን እንደ መጽሐፍ ደራሲ የሚቈጥረውን አስተሳሰብ አስነሣ።

ስለ ‹‹ትዕይንት›› ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአውሮፓ ቋንቋዎች ‹‹ሲን›› የሚሉት ቃል የመጣው ከግሪኩ ‹‹ስኬኔ›› ሲሆን ትርጉሙ ድንኳን ነው፤ ተዋንያን ልብስ የሚለውጡበት ድንኳን ከጨዋታው ቦታ በስተ ኋላ ይተከል ነበር። በግዕዝም ‹‹ትዕይንት›› ማለት ሰፈር፣ የሠራዊት ማደሪያ ነው። አንዱ ከሌላው ተተርጉሞ መጣ ለማለት አልደፍርም። በግሪክና በኢትዮጵያ ግን የድንኳንና የሰፈር ስም በየራሱ መንገድ ተጉዞ የሚታይ ነገር ስም ሆኗል።

በአዲስ አበባ ሲኒማ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ለማሳያው ቤት የሰጠው ስም ‹‹የሰይጣን ቤት›› የሚል እንደነበረ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ይህን ለሣቅ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን ከውጭ ሳይዋስ የራሱን ፍርድ ጨምሮ የወጣ የመጀመሪያው የሲኒማ ቃላችን ይህ ነው፤ በጨለማ ቤት የሌለ ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ያወጣው ስም ስለሆነ ከ‹‹ሲኒማቶግራፍ›› ይልቅ ስለ ተመልካቹ ይናገራል። በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው?›› ሲወጣ ደራሲ፣ አዘጋጅና ተዋናይ የሚሉት ቃላት ከቴአትር ቤት ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር፤ ሾትና ከት የሚሉት ግን ከመሣሪያው ጋር ገቡ፤ እስከ ዛሬም አልተተረጐሙም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› በተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ገበሬዎቹ በሩቅ ሆነው ኰረብታውን ሲወጡ ካሜራው ሳይቸኩል ይጠብቃቸዋል። ይህን ‹‹ረጅም ሾት›› ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ‹‹የሩቅ ሾት››ም ይባላል። እዚህ ላይ አንድ መሰናክል አለ። እንግሊዞች ለቦታ ርቀት ‹‹ሎንግ ሾት››፣ ለጊዜ ርዝመት ደግሞ ‹‹ሎንግ ቴክ›› ስለሚሉ፣ በአማርኛ ሁለቱን ‹‹ረጅም›› ብሎ የሚተረጕም ሰው ቦታውን ከጊዜው ጋር ይቀላቅልበታል። ለመጀመሪያው ‹‹የሩቅ››፣ ለሁለተኛው ‹‹የቈየ›› ማለት ይሻላል እላለሁ።

ቀሪው ሥራ በጽሑፍ የሚገኝ አይደለም። በቀድሞዎቹ የሲኒማ ቤቶች የፊልም ጥቅል ሲያሽከረክሩ፣ የተበጠሰውን ሲቀጥሉና ካርቦኑን ሲለውጡ የኖሩ ሠራተኞች በመካከላቸው የሚነጋገሩባቸው ቃላት ነበሯቸው፤ ከጣልያንኛ የመጡም፣ በቀልድ የወጡም ይኖሩባቸዋል። መሣሪያዎቹ ከየቤቱ ወጥተዋል፤ ቃላቱን የሚያውቁት ሰዎችም ሸምግለዋል። ጥያቄውን ለእነሱ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ተማሪ ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይበቃዋል።